ምዕራፍ 7፦ የዘይት ቋትን የሚመርጠው መሬቱ ነው

ከመተማ ተነሥቶ ጋላባትን የተሻገረ መኪና ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ሲዘልቅ አብዛኛውን መንገድ የሚያየው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይደርቃል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ አብጦ ጎማ ይይዛል። ከገዳሪፍ አልፎ በሸዋክና በኻሽም ኤል ጊርባ በኩል ወደ ኒው ሀልፋ ሲኬድ መሬቱ ጠባዩን ይቀይራል። ከእኛ አገር ጓንግ ተብሎ የሚወርደው የአትባራ ወንዝ ተከዜን ተቀብሎ በሚያልፍበት ዳርቻ ሁሉ ጎርፍ የሸረሸረው፣ በሸለቆና በገደል የተቆራረጠ መሬት አለ። ሱዳኖች ከሪብ ይሉታል። ከሪብ ውስጥ የገባ መኪና አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ይወጣል፣ ወዲያው ደግሞ በአፍንጫው ተደፍቶ ይወርዳል።

ኒው ሀልፋ የተመሠረተችው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ የሚያጥለቀልቀውን ዋዲ ሀልፋን ለቅቀው የተነሡት ኑቢያውያን እዚህ ሰፈሩ፤ ለእርሻቸውም በኻሽም ኤል ጊርባ አትባራ ተገደበ። ከዚያ ወዲህ አካባቢው በቦይ፣ በትራክተርና በጭነት መኪና የሚኖር አገር ሆኗል። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ከግመሉ ጎን ፒካፕ ያቆመው የራሻይዳ ዘላንም የሚመኩት በቶዮታ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ኃይል የተጨመረለት ሞተር ይዞ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት የዘይት ቋት ይምረጥ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ሞተር የሚያሻሽል ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ቱርቦ ላይ፣ ፒስተን ላይ፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ነው፤ ከሥር የተንጠለጠለውን የላሜራ ሳጥን የሚያስታውሰው ዘይት ሲያንጠባጥብ ብቻ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ሞተርን ለውድቀት የሚዳርገው ጉልበቱ ሳይሆን፣ ጉልበቱ በሚፈለግበት ሰዓት ለጥቂት ሰከንድ ዘይት ማጣቱ ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም አንድ ነው፦ ቋትን የሚመርጠው የፈረስ ጉልበት ቁጥር ሳይሆን መሬቱ ነው፤ የምርጫው መለኪያም የመምጠጫው አፍ በየትኛውም ሁኔታ ከዘይት ውስጥ አለመውጣቱ ነው።

ቋቱ ምን ይሠራል?

የዘይት ቋት ከሞተሩ ብሎክ ሥር በጓርኒሲዮንና በቡሎን የሚታሰር ገንዳ ነው። በውስጡ ከዘይት ፖምፓው የሚወርድ መምጠጫ ቱቦ አለ፤ የቱቦው አፍ ወንፊት ለብሶ ወደ ቋቱ ወለል ያዘነብላል። ፖምፓው ዘይቱን ከዚያ ስቦ በማጣሪያው በኩል ወደ ኮሎው (ዋናው የሞተር ዘንግ)፣ ወደ ቢየላዎቹ፣ ወደ ቴስታታውና ወደ ቱርቦው ይገፋዋል። ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል።

ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ፖምፓው በደቂቃ በአሥሮች የሚቆጠር ሊትር ሊገፋ ይችላል። ቋቱ አምስት ወይም ስድስት ሊትር የሚይዝ ከሆነ ያው ዘይት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። በዚያች ሰዓት የዘይቱ ከፊል ላይኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ ቴስታታ ላይ የተኛ አለ፣ በግድግዳው እየተንጠባጠበ የሚወርድ አለ። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ በመለኪያ ዘንግ ያየነው ልክ በሥራ ላይ ያለውን ልክ አይነግረንም። በሥራ ላይ ሁልጊዜ ያነሰ ነው።

ኮሎው ከዘይቱ ገጽ በላይ ብዙም ሳይርቅ ይሽከረከራል። ዘይቱ ከፍ ካለ ኮሎው እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አየር ነው፣ አየር ኮሎውን የሚሸከመውን ብሮንዝ ከመበላት አያድንም። ሞተሩም ዘይቱን ሲመታ የራሱን ኃይል ያባክናል። ጥሩ ቋት በኮሎውና በዘይቱ መካከል የተበሳሳ ወይም የተሸነሸነ የላሜራ መከለያ ያለው ነው፤ የወረደው ዘይት በቀዳዳው ያልፋል፣ ከሥር ያለው ግን ወደ ላይ አይረጭም። ስለዚህ «ዘይት ይብዛ» ብሎ ከልኩ በላይ መሙላት ችግሩን አይፈታም። ዘይት ማብዛት የሚቻለው ቋቱ ሲሰፋ ወይም ሲጠልቅ ነው።

ዘይቱ ሲያጋድል

ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነና ወለሉ ዝርግ የሆነ ቋት እንውሰድ። በደልዳላ ቦታ ዘይቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል። መኪናው 30 ዲግሪ የሚሆን የከሪብ አፋፍ ሲወጣ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሒሳብ ሲሠራ ከፊት በኩል ወደ 13 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ወለል ደረቅ ይቀራል፤ በኋላው ግድግዳ ላይ ደግሞ ዘይቱ ከ21 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቆማል። ዘይቱ ጎድሎ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከነበረ ደረቁ ወለል ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። መምጠጫው በዚህ ደረቅ ክፍል ላይ ካረፈ ፖምፓው የሚስበው አየር ነው። የዘይት መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ሹፌሩም ገደሉ መሀል ላይ ስለሆነ ነዳጅ ከመርገጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ግሪፕ ያደረገ (ዘይት አጥቶ የተጣበቀ) ሞተር ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ፍሬን ሲያዝም ዘይቱ እንዲሁ ያጋድላል፣ አቅጣጫው ግን ወደ ፊት ነው። መኪናው ፍጥነቱን የሚቀንስበት ኃይል የስበትን ግማሽ ቢያህል ዘይቱ 27 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፤ ከስበት እኩል ቢሆን 45 ዲግሪ ይደርሳል። በመታጠፊያ ላይ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ጎን ይሸሻል።

እዚህ ላይ የአስፋልት ውድድርና የገዳሪፍ መንገድ ይለያያሉ። በውድድር ሜዳ ዘይቱን የሚያሸሸው ኩርባና ፍሬን ነው፤ ኃይሉ ትልቅ ነው፣ ጊዜው ግን ጥቂት ሰከንድ ነው። በከሪብና በዋልካ ግን መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ አፋፉን እስኪወጣ ረጅም ጊዜ አጋድሎ ይቆያል፤ ጭቃ ውስጥ አንድ ጎኑ ሰምጦ ሞተሩ እየሠራ ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከውጭ «የውድድር ቋት» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ለእኛ ሹፌር የተሠራ ላይሆን ይችላል። በሁለት ጎኑ ክንፍ አውጥቶ የተሰፋ ቋት ለኩርባ ጥሩ ነው። የጃፓኑ ኒሳን «አርቢ26» ሞተር በውድድር ሜዳ ሲሮጥ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እየቀረ ቋቱን ስለሚያደርቅ አሻሻዮቹ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ክንፍ ይበይዱለታል። ለዳገት ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ ጥልቁ ክፍል የት እንዳለ፣ መምጠጫው የት እንዳረፈና በመካከሉ ዘይቱን የሚያግድ ግድግዳ መኖሩ።

ጥልቁ ክፍል ከኋላ የሆነ ቋት ለዳገት የታመነ ነው፤ ዘይቱ ወደ መምጠጫው ይሄዳልና። ጉድለቱ በቁልቁለትና በፍሬን ላይ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከመምጠጫው ፊት ለፊት ግድግዳ ማቆም፣ በግድግዳውም ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ትንሽ በር ማድረግ ነው። ዘይቱ ወደ መምጠጫው ሲመጣ በሩ ይከፈታል፤ ሊሸሽ ሲል ይዘጋል። መምጠጫው ዙሪያውን እንዲህ ከታጠረ ቋቱ ወደየትም ቢያዘነብል ቢያንስ የተወሰነ ዘይት አፉ ላይ ይቆያል።

ጥልቀት ወይስ ከመሬት መራቅ?

ብዙ ዘይት የሚይዝ ቋት የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ቆሻሻም በእርጋታ ይሰፍርበታል። ነገር ግን ወደ ታች የተጨመረች እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ወደ ድንጋዩ የቀረበች ሴንቲ ሜትር ናት። በደረቀ የዋልካ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጎማ በቆፈራቸው ሁለት ቦዮች መካከል ጠንካራ ጉብታ ይቀራል፤ ቋቱን የሚያገኘው ያ ነው። ስለዚህ ቦታ ካለ ወደ ጎን ማስፋት ወደ ታች ከማስረዘም ይሻላል።

የፊት አክስሉም መታሰብ አለበት። ላንድክሩዘር 70ን የመሰሉ፣ ወጥ የፊት አክስል ያላቸው መኪኖች ጉድጓድ ሲመታቸው አክስሉ ወደ ሞተሩ ይወጣል። መኪናው በቆመበት የታየው ክፍተት በጉዞ ላይ የለም። ስለዚህ አዲስ ቋት ከመታሰሩ በፊት አክስሉ በክሪክ እስከ መጨረሻው ማቆሚያ ድረስ ከፍ ተደርጎ ክፍተቱ መለካት አለበት። ሞተሩ ራሱ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1997 እ.ኤ.አ. በኮርቬት የጀመረውን «ኤልኤስ» ሞተር ብንወስድ ለጭነት መኪናው ጥልቅ ቋት፣ ለኮርቬቱ ወደ ጎን የተዘረጋ ጠፍጣፋ ቋት አደረገለት። የሞተሩ ቤተሰብ አንድ ነው፤ ቋቱን የወሰነው የሚቀመጥበት ሻንሲ ነው። ሞተር የሚቀይር ሰው ከሞተሩ ጋር የመጣውን ቋት እንደ ግዴታ መቀበል የለበትም።

ከሥር የሚታሰረው መከላከያ ብረትም የምርጫው አካል ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው ፔጆ 404 በጉልበቱ የታወቀ መኪና አልነበረም፤ የታወቀው በመጽናቱ ነው። መከላከያ ብረቱም የሚታሰረው ለዚሁ ጽናት ነው፤ ግን ከቋቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ተጠግቶ ከታሰረ ምቱን ለቋቱ ያቀብለዋል። በክረምት ደግሞ በመካከላቸው የሚጠቀጠቀው ዋልካ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክርና ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ስለዚህ መታጠቢያ ቀዳዳ ያሻዋል።

ላሜራ ወይስ አሉሚኒየም?

አሉሚኒየም ቋት ሙቀትን በተሻለ ያስወጣል፣ ብሎኩንም ያጠነክራል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ከካምቢዮው ጋር ጭምር ስለሚታሰር በላሜራ መተካት አይቻልም፤ ይህ ከመግዛት በፊት መረጋገጥ አለበት። ድንጋይ ሲመታው ግን ይሰነጠቃል፤ ዘይቱ ይፈስሳል፤ በወጉ ለመበየድም አርጎን ብየዳና አሉሚኒየም የለመደ እጅ ይጠይቃል።

ላሜራ ይጎደጉዳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። በመዶሻ ይስተካከላል፣ በየመንደሩ ባለ ተራ ብየዳ ይደፈናል። ግን የጎደጎደ ላሜራ ስውር አደጋ አለው፦ ወለሉ ወደ ውስጥ ገብቶ የመምጠጫውን አፍ ይደፍናል። ዘይት አይንጠባጠብም፣ መለኪያው ሙሉ ያሳያል፤ ግፊቱ ግን በፍጥነት ሲነዳ ይወርዳል። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው ፖምፓ ይቀይራል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከሥር የጎደጎደው ቦታ ነው።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በገዳሪፍና በኒው ሀልፋ መካከል ለሚሠራ መኪና፣ ሞተሩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ወፈር ያለ ላሜራ ይመረጣል። መንገድ የሰበረብህን እዚያው የሚጠግንልህ ሰው ካለ ጉዞህ አይቀርም።

ቱርቦ ሲጨመር

የላንድክሩዘሩ «1ኤችዜድ» ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሲሆን ከፋብሪካ የሚወጣው ያለ ቱርቦ ነው። ቱርቦ መጨመር በአፍሪካም በአውስትራሊያም የተለመደ ነው። ቱርቦው ከሞተሩ ዘይት ይወስዳል፤ መመለሻው ግን ግፊት የለውም፣ ዘይቱ በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ቋቱ ይወርዳል። ስለዚህ መመለሻው ቋቱ ላይ የሚበየድበት ቦታ ከዘይቱ ገጽ በላይ መሆን አለበት፤ ቱቦውም ሰፊና ያለ መታጠፍ ወደ ታች የሚወርድ ይሁን። ከዘይቱ በታች ከተበየደ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማኅተሙ አልፎ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱም ደህናውን ቱርቦ ተበላሸ ብሎ ይጥላል።

ከላይ የሠራነውን ሒሳብ እዚህ እናስታውስ። በዳገት ላይ ዘይቱ በኋላው ግድግዳ ከ21 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቆም ነበር። በደልዳላ ቦታ ከዘይቱ በላይ የነበረ መመለሻ ወደ ኋላ ጫፍ ከተበየደ ከሪቡን ሲወጣ ይሰጥማል። የመመለሻው ቦታ በዳገትም በቁልቁለትም መታሰብ አለበት። ብየዳው ደግሞ ቋቱ ወርዶ፣ ታጥቦና ደርቆ ነው የሚሠራው፤ ሞተሩ ላይ ታስሮ የተበየደ ቋት የብረት ፍርፋሪውን ወደ ብሮንዙ ይልካል።

መምጠጫውን መለካት

ቋት ሲቀየር በጣም የሚዘነጋው ነገር ይህ ነው። ቋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲጠልቅ መምጠጫው በነበረበት ከቀረ የተጨመረው ዘይት ከአፉ በታች የሚተኛ ትርፍ ጭነት ነው። መምጠጫውም አብሮ መርዘም አለበት።

በአፉና በወለሉ መካከል የሚተወው ክፍተት በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሞተሩ መጽሐፍ ካለ የእርሱ ልክ ይከበራል። ሲጠብ ዘይቱ በደንብ አይገባም፣ ሲሰፋ ዘይቱ ትንሽ ሲጎድል አየር ይስባል። ልኬቱ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። የልጆች መጫወቻ ጭቃ ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ መምጠጫው አፍ ላይ ይለጠፋል። ቋቱ ከነጓርኒሲዮኑ ቦታው ላይ ይገባል፣ በጥቂት ቡሎን ይጠብቃል፣ እንደገና ይወርዳል። የተጨፈለቀው ጭቃ ውፍረት ክፍተቱ ነው። ከዚያ ጭቃው ተጠራርጎ ሲወጣ አንዲት ፍርፋሪ መቅረት የለባትም።

ቀጥሎ የመለኪያ ዘንጉ እንደገና ምልክት ይደረግበታል። የአሮጌው ቋት ምልክት ለአዲሱ አይሠራም። ለአዲሱ ቋት የተወሰነው ሊትር ተለክቶ ይጨመራል፣ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፣ ዘይቱ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ያኔ ዘንጉ ላይ የታየው ልክ በሞረድ ይሠመራል።

ሌሎች መንገዶች

በውድድር ዓለም ቋቱን የዘይት ማጠራቀሚያ ከመሆን የሚያስቀር ዘዴ አለ። ዘይቱ ከሞተሩ ሥር አይጠራቀምም፤ ተጨማሪ ፖምፓዎች ጠራርገው ወደ ሌላ ረጅም ጋን ይወስዱታል፣ ሞተሩም ከዚያ ይጠጣል። ፖርሽ 911 በ1960ዎቹ ሲወጣ ይህን ዘዴ ይዞ ነው የመጣው። ሥራው ያማረ ነው፤ ግን ፖምፓው፣ ቺንጋው፣ ቱቦው ሁሉ ተጨማሪ የሚበላሽ ዕቃ ነው። መለዋወጫው ከሩቅ ለሚመጣለት ሹፌር አይመከርም።

ሌላው በአየር ግፊት ዘይት የሚያጠራቅም ሲሊንደር ነው። የሞተሩ ግፊት ሲወርድ የያዘውን ይለቅቃል። ለፍሬንና ለኩርባ ግሩም ነው፤ የሚቆየው ግን ለሰከንዶች ስለሆነ ረጅም አፋፍ ለሚወጣ መኪና ትክክለኛውን ቋት አይተካም። ሙቀትን በተመለከተም የዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተር ከትልቅ ቋት ይልቅ ይረዳል። ትልቅ ቋት ሙቀቱን ያዘገያል እንጂ አያጠፋውም።

ደለል

የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ደለል ከዚህ መጠን ከግማሽ በላይ ወስዶበታል፤ ደለሉን ለመቀነስም ግድቡ በየዓመቱ በጎርፍ ወቅት ይታጠባል። የዘይት ቋትም ሕጉ አንድ ነው፦ ፈሳሽ ፍጥነቱ በቀነሰበት ቦታ ቆሻሻው ይሰፍራል። ዘይቱን ለማገድ ያቆምናቸው ግድግዳዎች ጥግ ይፈጥራሉ፤ ጥጉ የአቧራና የብረት ብናኝ ማደሪያ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ግድግዳ ሥር ለማፍሰሻ የምትሆን ትንሽ ቀዳዳ መተው አለባት። የማፍሰሻው ታፖ ማግኔት ያለው ይሁን፤ አፉም ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ይዙር፣ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ድንጋይ ይቆርጠዋል። ዘይት ሲቀየር ማግኔቱ ላይ የተሰበሰበውን በጣት አሽቶ ማየት ልማድ ይሁን። ልስልስ ግራጫ ብናኝ የተለመደ መበላት ነው። የሚታይ ስባሪ ግን ሞተሩ ሳይወርድ የሚታለፍ ምልክት አይደለም።

ምርጫው

ሻጩ ዘንድ ከመሄድህ በፊት አራት ጥያቄ መልስ። መኪናው ብዙውን ጊዜ የሚያጋድለው ወደየት ነው፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወይስ ወደ ጎን? አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ለቋቱ የሚተርፈው ቦታ ስንት ነው? ቋቱ ቢመታ በአቅራቢያህ ማን ይጠግነዋል? መምጠጫው ከአዲሱ ወለል ስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል? ሻጩ «ይህ ለስንት የፈረስ ጉልበት ነው» ብሎ ከጀመረ ወደ እነዚህ ጥያቄዎች መልሰው።

ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት፤ ብዙ ቤተሰብም ንብረቱን ጭኖ ወደ ገዳሪፍና ወደ ኒው ሀልፋ ሸሽቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መኪና ቅንጦት አይደለም፤ መንገድ ላይ የቆመ ሞተር የሰው ሕይወት አብሮ ያቆማል። ስለዚህ ለቱርቦ ያጠራቀምከውን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ቋትህን አውርድና መምጠጫውን ተመልከት። ዘይቱን መያዝ የማይችል ሞተር ኃይል ሊጨመርለት አይገባም።